ከክፍሉ በር ወዲያ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። በሳምንት አንዴ፣ 40 ደቂቃ። አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ መጽሐፍ፣ አዲስ በጀት አልጠይቅም። የምጠይቀው የአንደኛ ክፍል ልጆች በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ በሩን ከፍተው እንዲወጡና የግቢያቸውን ነገር እዚያው ግቢያቸው ውስጥ እንዲማሩት ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ቀላል ቢሆን ኖሮ ግን እስካሁን ሁሉም ትምህርት ቤት ባደረገው ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ የተቀረጸው ሥርዓተ ትምህርት ለትንንሾቹ ልጆች አንድ መልካም ነገር አድርጓል። የተፈጥሮ ሳይንሱንና የኅብረተሰቡን ትምህርት አዋሕዶ «አካባቢ ሳይንስ» በሚል ስም አንድ ትምህርት አደረገው። የ7 ዓመት ልጅ ዓለምን ባዮሎጂና ጂኦግራፊ ብሎ ከፍሎ አያያትም። ለእሱ ወንዙ፣ ወንዙ ዳር ልብስ የምታጥበው አክስቱና ድንጋዩ ሥር የተወሸቀችው እንቁራሪት ሁሉም የአንድ ቦታ ነገሮች ናቸው። ሥርዓተ ትምህርቱን የቀረጹት ሰዎች ይህን ተረድተው ነበር።

እኛስ እንዴት እናስተምረዋለን? መምህርቷ መጽሐፉን ከፍ አድርጋ የዛፍ ሥዕል ታሳያለች። «ይህ ምንድን ነው?» «ዛ...ፍ!» «ይህስ?» «ሥ...ር!» ከመስኮቱ ውጭ አንድ ትልቅ ብሳና ቆሟል። ብሳና ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል መልኩን ለውጦ ብርቱካንማ ይሆናል፤ ከአረንጓዴው መሐል አንድ ሁለቱ እንደ እሳት ቦግ ብለው ይታያሉ። ወደዚያ ዞር ብሎ ያየ ልጅ ቢኖር «ወደ ፊት ተመልከት!» ይባላል። የዛፍ ትምህርት ላይ ነና!

ስለዚህ ጉዳይ የሚናገሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ንጹሕ አየርን፣ ጤናን፣ የተፈጥሮ ፍቅርን ነው። ከእነሱ ጋር ጠብ የለኝም፤ ስለ ጤናው እኔም ቆይቼ አንድ ነገር እላለሁ። የእኔ ምክንያት ግን ሌላ ነው። እኔ ልጆቹ እንዲወጡ የምፈልገው እርስ በርሳቸው እንዲተዋወቁ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ የታጨቁ 50 ልጆች አንድ ክፍል ስላሉ ብቻ ማኅበር አይሆኑም።

የመስከረምን አንደኛ ክፍል አስቡት። ለመጀመሪያ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጠቀጠቅበትን ክፍል የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አንዱ ልጅ ቅድመ መደበኛ ተምሮ፣ ፊደሉን ለይቶ፣ ስሙን መጻፍ ችሎ ይመጣል። ሌላዋ ከእናቷ ጉያ ወጥታ በቀጥታ ዴስክ ላይ ትቀመጣለች። ኅዳር ሲገባ ማን «ጎበዝ» ማን «ሰነፍ» እንደሆነ ልጆቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። የክፍል አለቃው ማን እንደሆነና ማን ኋላ እንደሚቀመጥ ተወስኗል። ይህ ውሳኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙውን ጊዜ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሳይሻር ይዘልቃል።

ይህን ያደረገው የመምህሯ ክፋት አይደለም። ክፍሉ ውስጥ የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ ጥቁር ሰሌዳው። ለሚጠየቀውም ጥያቄ መልሱ አንድ ነው። አንዱ ከመለሰው 49ኙ ዕድላቸው አለፈ። «ቲቸር! ቲቸር! እኔ! እኔ!» እያሉ እጃቸውን ሲያወጡ ከውጭ ለሚያይ ሱፐርቫይዘር ሞቅ ያለ ተሳትፎ ይመስላል፤ በቅጹም ላይ እንዲያ ብሎ ይሞላዋል። እኔ ግን ሽሚያ ነው እላለሁ። ጓደኛው ሲሳሳት ፊቱ የሚበራው ልጅ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የዚያ መሳሳት ለእሱ ተራ ስለሚያመጣለት ነው። በቀን ብዙ ጊዜ፣ በዓመት ብዙ ቀን ይህን እያለማመድነው ኋላ «መተባበር» የሚል ግጥም ብናስጠናው ምን ይጠቅማል?

አሁን እነዚህኑ ልጆች ወደ አጥሩ ጥግ ውሰዷቸው። አምስት አምስት ሆነው አንድ ድንጋይ ይገልብጡ። አንዱ ጉንዳን ነጭ ነገር ተሸክማ ስትሮጥ ያያል። (እንቁላል የምንለው ያ ነጭ ነገር አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል አይደለም፤ ያላደገ የጉንዳን ልጅ ነው።) ሁለተኛዋ ብርሃን አይቶ የማያውቅ የገረጣ የሣር ሥር ታገኛለች። ሦስተኛው አፈሩን አሽትቶ «ዝናብ ዝናብ ይላል» ይላል። የአንዱ ማግኘት የሌላውን አይወስድበትም። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የሚጮኹትን ስሙ። ክፍል ውስጥ «እኔ! እኔ!» ይሉ የነበሩት እዚህ «ኑ! ኑ!» ይላሉ። ትል ያገኘ ልጅ ብቻውን ማየት አይበቃውም፤ ሌላ ሰው ካላየለት ያገኘው አይመስለውም።

ሁለተኛው ነገር፣ ውጭ ሲወጡ የማዕረጉ ተራ ይናጋል። ከገጠር መጥታ ዘመድ ቤት የምትኖር አንዲት ልጅ አውቃለሁ። እስከ ጥር ድረስ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን የሰማ የለም። አንድ ቀን ከቤተ መጻሕፍቱ ኋላ ልጆቹ ቅጠል ሲለቅሙ እሷ አንዱን በጣቷ ፈተግ አድርጋ አሸተተችና «ዳማከሴ» አለች። ለምች እንደሚሆንም ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ቅጠል በቅጠል እያነሡ ወደ እሷ ይመጡ ጀመር። «ይህስ?» «ይህስ?» ሳማውን ከሩቅ አይታ «እሱን እንዳትነኩ» ማለቷ ደግሞ ጀግና አደረጋት፤ አንዱ ሳይሰማት ነክቶ ስለነበር። ተአምር አላወራችሁም፤ ንባቧ በዚያ ሳምንት አልተሻሻለም። የተለወጠው ዴስኩን የሚጋራት ልጅ ነው። «ገጠሬ» ይላት የነበረው ቀረና ስትመጣ ጠጋ ብሎ ቦታ ይለቅላት ጀመር። እንግዲህ ንባብ የሚሻሻለው ቦታ የተለቀቀላት ልጅ ላይ ነው፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ።

በነገራችን ላይ ትምህርት ቤቶቻችን ለቡድን ሥራ እንግዳ አይደሉም። አንድ ለአምስት የሚባለውን አደረጃጀት ያላለፈበት መምህር የለም። የዚያ ችግሩ መሪው አስቀድሞ መታወቁ ነበር፤ ጎበዙ ይመራል፣ አምስቱ ይከተላሉ። ግቢው ውስጥ ግን መሪው እንደ ነገሩ ይለዋወጣል። ለቅጠል አንዷ፣ ለወፍ ሌላው፣ ከፍ ወዳለው አጥር ለመንጠላጠል ሦስተኛው። ለመንጠላጠሉ እንኳ ባትፈቅዱ ይሻላል።

ስለ ቅጠል ካነሣሁ እንዶድን ሳላነሣ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን በሽታ ሊያጠኑ አድዋ ሄደው ነበር። የበሽታው ተሕዋስ ከዕድሜው ከፊሉን የሚያሳልፈው ውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሆድ ነው። ዶክተሩ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ በብዛት ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። በሌላው የወንዙ ክፍል ግን እንዲያ ያለ ነገር አልነበረም። ከዚያ ምልከታ ተነሥቶ የመጣው ምርምር እንዶድን ለዓለም አስተዋወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት አስገኘላቸው። ይህን ታሪክ ለልጆች ስንነግር ብዙውን ጊዜ ሊቁን እናገንናለን፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን ሁለት ዕውቀት ወንዝ ዳር መገናኘቱን ጭምር ብንነግራቸው እወዳለሁ። ልብስ የሚያጥቡት ሰዎች እንዶዱን ያውቁታል፤ ተመራማሪው ቀንድ አውጣውን ያውቀዋል። ሁለቱ አንድ ቦታ ባይገናኙ ኖሮ የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ዝም ብለው በወንዙ ባለፉ ነበር። ያቺ የዳማከሴዋ ልጅና ፊደል የለየው ልጅ አንድ ድንጋይ ላይ እንዲያጎነብሱ የምፈልገውም ለዚሁ ነው።

አሁን ደግሞ ለውጭው ትምህርት ምሳሌ እንዲሆን ጥቂት ዘርዘር አድርጌ ስለ ጥላ ልንገራችሁ። ጥላን የመረጥሁት ገንዘብ ስለማይጠይቅና ግቢው ዛፍ የሌለው ሲሚንቶ ቢሆንም ስለሚሠራ ነው። መሣሪያው ደግሞ በየትምህርት ቤቱ አለ፤ የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት እግሩ ሥር ይሰለፋሉ፤ ጥላው እንደሚሄድ ግን የነገራቸው የለም።

ሥራው እንዲህ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ የምሰሶው ጥላ ጫፍ ያረፈበት ቦታ ላይ ድንጋይ ይቀመጣል ወይም በጠመኔ ይሰመራል። የሚመረጠው ሰዓት ቀትር ነው። የሰዓታችን አቆጣጠር የተወሰደው ከእኛ በስተምሥራቅ ካለ መስመር ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከሁሉ በላይ ከፍ የምትለው ልክ 6 ሰዓት ላይ አይደለም፤ በአማካይ 25 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው። የጠዋት ፈረቃ ልጆች ለመውጣት የሚንቆራጠጡበት ጊዜ በመሆኑ መምህሯ ጥቂት ትዕግሥት ያስፈልጋታል።

መስከረም አጋማሽ ላይ ምሰሶው 6 ሜትር ቢሆን ጥላው 1 ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ሰሜን ያርፋል። ጥቅምት፣ ኅዳር እያለ ይረዝማል። ታኅሣሥ ላይ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ከዚያ ተመልሶ ማጠር ይጀምራል፤ ልጆቹ «ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው» ይላሉ። ሚያዝያ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት አዲስ አበባ ላይ በቀትር ጥላው ከምሰሶው እግር ሥር ይገባና ይጠፋል። ሰኔ አጋማሽ ላይ ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ሆኖ ይታያል፤ ግን ዞሮ፣ ወደ ደቡብ! ጥላው ሌላ ወገን መውደቁን ራሳቸው ሲያገኙት የሚያሰሙትን ጫጫታ ልነግራችሁ አልችልም። ከአውሮፓ ተቀድተው በመጡ መጻሕፍት የቀትር ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው። የእኛ አገር ልጅ በገዛ ግቢው ከዚያ መጽሐፍ የበለጠ ያያል።

ጥላውን መለካት ሲመጣ ደግሞ ጠብ ይመጣል፤ እኔ የምወደው ክፍልም እሱ ነው። ሜትር አትስጧቸው። በስንዝር ይለኩ። አንዱ ቡድን 9 ስንዝር ይላል፣ ሌላው 7። «ዋሽታችኋል!» «እናንተ ናችሁ!» እዚህ ላይ የመምህሯ ትልቁ ሙያ ዝም ማለት ነው። ጥቂት ቆይተው እጅ ለእጅ ገጥመው ይተያያሉ፤ የአንዱ እጅ ከሌላው ይበልጣል። አሁን ችግሩ ከልጆቹ ወደ ስንዝሩ ሄደ። የማን ስንዝር ይሁን? የረጅሙ? የመምህሯ? ብዙውን ጊዜ አንድ እንጨት ቆርጠው «የክፍላችን እንጨት» ብለው ይስማማሉ። ድሮ ጨርቅ በክንድ በሚለካበት ዘመን ገበያተኛው ረጅም ክንድ ያለው ዘመዱን ይዞ ይሄድ ነበር ይባላል፤ አገር ያን ጠብ የፈታው በብዙ ዘመን ነው። የአንደኛ ክፍል ልጆች በአንድ ቀን ሲጨርሱት ሒሳብም ሕግም ተማሩ ማለት ነው። ያ እንጨት ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ማንም አይሰብረውም፤ የተስማሙበት የራሳቸው ነገር ነው።

ንባቡስ? ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፤ ትክክልም ነው። አንደኛ ክፍል ዋናው ሥራ ፊደል ነው፤ ይህን የሚዘነጋ ሰው ለልጆች አይበጅም። እኔ የማውቀው ጥሩ መንገድ፣ ከግቢ እንደተመለሱ ልጆቹ ያዩትን በቃል ይናገራሉ፣ መምህሯ በእነሱው አነጋገር ሰሌዳው ላይ ትጽፈዋለች። «ጉንዳኗ ልጇን ተሸከመች።» «ሳማ ለበለበኝ።» እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ልጆቹ ሳይሰለቹ ደጋግመው ያነቧቸዋል፤ የለበለበው ልጅ በተለይ የራሱን ለማንበብ ማንንም አይጠብቅም። ወረቀት ላይ ተገልብጠው በክር ቢሰፉ ዓመቱ ሲያልቅ ክፍሉ የራሱ መጽሐፍ አለው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሽማግሌ አድማጮቼ «እኛ ድሮም ውጭ ነበር የተማርነው» እንደምትሉ ይገባኛል። እውነት ነው። የቄስ ትምህርት ቤት በዛፍ ጥላ ሥር፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነበር። ነገር ግን እንግባባ፤ ውጭ ተቀምጦ መማር ሌላ፣ ከውጭው መማር ሌላ ነው። በዚያ ጽድ ሥር ፊደልና ዳዊት ተነበበ እንጂ ጽዱ አልተነበበም። ከዚያ ትምህርት ቤት እኔ የምናፍቀው ጥላውን ሳይሆን ፊደል የቆጠረው ላልቆጠረው ማስቆጠሩን ነው። የኔታ ዱላ ይዘው ቢቀመጡም ትልቁ ትንሹን ይዞ የማስተማሩ ልማድ ያለ ሥልጠና፣ ያለ ማኑዋል ይሠራ ነበር።

ከሌላው ዓለም ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን አገር የትንንሽ ልጆችን ትምህርት ቤት የጀመረው ፍሪድሪሽ ፍሮቤል ለልጆቹ የአትክልት ቦታ ሲያበጅ ለእያንዳንዱ ልጅ ትንሽ የግል መደብ ሰጠው፤ ዙሪያውን ደግሞ የጋራ መደብ አደረገ። የግሉ በጋራው እንዲታቀፍ ብሎ ነው ያቀደው። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍልን ሳይንስና ኅብረተሰብ አንሥተው የዕለት ኑሮንና አካባቢን የሚመለከት አንድ ትምህርት ተክተውበታል። በብዙዎቹ ትምህርት ቤቶቻቸው የአንደኛ ክፍል ልጅ አሳጋኦ የሚሉትን ባለ ሐረግ አበባ በራሱ ማሰሮ ዘርቶ ያሳድጋል፤ ትምህርት ሲዘጋ ማሰሮውን ታቅፎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። የሚያምር ነገር ነው። ለእኛ ግን ከጃፓኑ ይልቅ የፍሮቤል የጋራ መደብ ይስማማናል። 50 ማሰሮ ወጪ ነው፣ ቦታም የለም። ከዚያም በላይ የጋራ ተክል ጠብ አለው፤ ጠቡንም እንደ ነገርኋችሁ እወደዋለሁ።

ስለ ጤና የገባሁትን ቃል ልፈጽም። በቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ፣ በ12 ትምህርት ቤቶች የአንደኛ ክፍል ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። በግማሾቹ ትምህርት ቤቶች በየትምህርቱ ቀን አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከቤት ውጭ ተጨመረ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሩቅ ማየት አዲስ የተሳናቸው ልጆች ክፍለ ጊዜው ባልተጨመረባቸው ትምህርት ቤቶች 39.5 በመቶ፣ በተጨመረባቸው 30.4 በመቶ ሆኑ። ከቤት ውጭ መዋል የልጅን ዓይን ይጠብቃል ማለት ነው። እኔ የጠየቅሁት በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ስለሆነ ይህን ያህል ውጤት ቃል አልገባላችሁም። ነገር ግን የከተማ ልጆቻችን ከዴስክ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ዴስክ ሲሉ ቁጥሩ ቢታወሰን አይከፋም።

መምህራን ደግሞ የሚሉኝ ሌላ ነው። «አንዴ ከወጡ አይሰበሰቡም፤ ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ይበላሻል።» በአሜሪካ በሁለት የሦስተኛ ክፍል መማሪያዎች ይህንኑ የፈተሸ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቷል፤ ትንሽ ጥናት ነው፣ ብዙ አልደገፍበትም። ዛፍና ሣር ባለበት ከተማሩ በኋላ ወደ ክፍል ሲመለሱ መምህሯ ትምህርቷን አቋርጣ «ልጆች፣ ወደዚህ» የምትልበት ጊዜ በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። የእኛ 50 ልጆች ከእነዚያ እንደሚለዩ አውቃለሁ። ስለዚህ 50ውን በአንድ ጊዜ መልቀቅ አይገባም። 25ቱ ከረዳት መምህር ወይም ፈቃደኛ ከሆነ ወላጅ ጋር ክፍል ሆነው ሲሥሉ 25ቱ ይውጡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀያየሩ። ቦታውም በገመድ ወይም በድንጋይ ይከለል። ወሰን የሌለው ግቢ ለ7 ዓመት ልጅ የእረፍት ሰዓት ነው።

ወላጆች፣ የእናንተንም ስሞታ አልሸሽም። «ዩኒፎርሙን አቆሽሾ መጣ፤ ልጄን አፈር እንዲጫወት ነው ወይ የላክሁት?» ሳሙና መወደዱን አውቃለሁ። እሾህም፣ ሳማም፣ አልፎ አልፎ እባብም አለ። መምህሯ ልጆቹን ከማውጣቷ በፊት ቦታውን ዞራ ማየት አለባት፤ ድንጋይ የሚገለበጠውም ወደ ራስ ተስቦ እንጂ ወደ ፊት ተገፍቶ አይደለም፤ የሚሸሸው ነገር ከእግር እንዲርቅ። የግቢው ጥበቃ የሆኑት ጋሼ ደግሞ ይህን ከማናችንም ይበልጥ ያውቁታል። ሌሊት ጅቡ በየት እንደሚያልፍ፣ ቁራው ጎጆውን የት እንደሚሠራ፣ የትኛው ጉድጓድ ባለቤት እንዳለው ይጠየቁ። ልጆቹ እሳቸውን «መምህር» ሲሏቸው የሰማሁ ቀን ደስ ብሎኛል።

በቪላ ቤት ተከራይተው የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች «ግቢ የለንም» ይላሉ። የግንቡ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለ ሣር አለ፣ የውኃ ቦዩ ዳር ሽበት አለ፣ ሰማይ አለ፣ ጭላት አለ። ከዚህም ያነሰ ነገር ላይ ብዙ ጥሩ ጥያቄ ሲጠየቅ አይቻለሁ።

ችግኝን በተመለከተ ግን ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግቢዎቻችን በየክረምቱ ይተከልባቸዋል። ክረምት ደግሞ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ተከላው ያምራል፣ ፎቶግራፉም ይነሣል። ችግኙ የሚጨነቀው ግን ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ዝናብ በሌለበት ወራት ነው፤ ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ያሉት ልጆቹ ናቸው። ለአንድ አንደኛ ክፍል አንድ ችግኝ ብቻ ስጡት፤ ወይራ ቢሆን፣ ዋንዛ ቢሆን። ክዳኑ የተበሳ ሃይላንድ ተዘቅዝቆ ሥሩ አጠገብ ቢቀበር ውኃው ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። በየቀኑ አምስት ተረኛ ይኑር። ተረኞቹ ረስተው ቅጠሉ የጠወለገ ሰኞ ክፍሉ የሚያደርገውን ስብሰባ ቁጭ ብላችሁ ስሙ። በመጀመሪያ ወንጀለኛ ይፈለጋል፤ «እነ እገሌ ናቸው!» በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጊዜ ግን አንዱ ልጅ ይነሣና «ተረኛው ቢታመምስ?» ይላል። ምትክ ተረኛ የሚባል ነገር ይፈለሰፋል። ይህን ከመጽሐፍ ማስተማር ይቻላል ወይ? እኔ ሲቻል አላየሁም።

ችግኙ ሊሞትም ይችላል። ፍየል ይበላዋል፣ ኳስ ይሰብረዋል። በዚያ ቀን መምህሯ በምሥጢር ሌላ ተክላ እንዳትተካው እለምናለሁ፤ ልጆቹ ያውቃሉ። ይዩት፣ ይናደዱ፣ ሥሩን ነቅለው ይመርምሩት፤ አጥር የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ ራሳቸው ይድረሱበት።

የመጨረሻው ጥያቄ ሁልጊዜ የዳይሬክተሩ ነው፤ «ይህ ሁሉ በምን ይመዘናል? ውጤቱን የት እሞላዋለሁ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። የዕፅዋቱን ስም፣ የጥላውን ርዝመት፣ ጉንዳን ስንት እግር እንዳላት በተለመደው መንገድ ጠይቁ፤ ልጆቹ ይመልሳሉ። ማኅበሩን ለመመዘን ግን እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠቀማለሁ። ልጁን ብቻውን አስቀርባችሁ «አንተ ምን አገኘህ?» አትበሉት፤ እሱንማ ማንም ይመልሳል። «ሌላ ልጅ ያገኘውን አንድ ነገር ንገረኝ፤ ያገኘውንም ልጅ ስም ጥራልኝ» በሉት። በመስከረም ጥያቄው ሲቀርብ አብዛኞቹ ዝም ይላሉ፣ ወይም የቅርብ ጓደኛቸውን ብቻ ይጠራሉ። በግንቦት ጠይቋቸውና እያንዳንዱ ልጅ የጠራውን ስም ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ የክፍሉን ስም ዝርዝር አውጥታችሁ አንድም ጊዜ ያልተጠራ ስም እንዳለ ፈልጉ። ካለ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ክፍለ ጊዜ ዕቅዳችሁን ከዚያ ልጅ ጀምራችሁ ጻፉ።